ቃል ሲያልቅብህ በዱቤ ጸልይ፦ በችግር ጊዜ እምነትንና ደስታን ይዞ ለመቆየት ከድሬ የተጻፈ መመሪያ

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ በቺኩንጉንያ ስትመታ እኛ ቤት አምስት ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተኛ። በሽታውን የምታመጣው ቀን ቀን የምትነክስ ትንኝ ናት። ትኩሳቱ በጥቂት ቀን ይለቃል፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ግን አንዳንዱ ላይ ወራት ይከርማል። ስሙ ራሱ ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ነው፣ መጉበጥን ያመለክታል። እውነትም ሰፈሩ በሙሉ ጎብጦ ነበር የሚሄደው። ሰው ከሰው ሲገናኝ ሰላምታው "እናንተም ቤት ገባ?" ሆነ።

ወቅቱ ፍልሰታ ነበር። በየዓመቱ በነዚያ 16 ቀናት ቅዳሴ የማላስቀር ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን ስግደት ቀርቶ ከአልጋ ተነስቶ ፊት መታጠብም ዳገት ሆነብኝ። በዓመቱ ደግሞ የምሠራበት የግል ድርጅት ተዘጋ፣ የሦስት ወር ደመወዛችንም እዚያው ቀረ። ከዚያ እናቴ ታመመች። እኔም መጸለይ አቃተኝ። አፌን እከፍታለሁ፣ "አቤቱ" እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር የለም።

ከዚህ በታች የጻፍኩት ከዚያ ጊዜ ወዲህ የተማርኩትን ነው፣ አብዛኛውን ተሳስቼ። ቄስም ሰባኪም አይደለሁም። የኦርቶዶክስ ቤት ልጅ ስለሆንኩ ምሳሌዎቼ ከዚያው ናቸው። ፕሮቴስታንት ወይም ካቶሊክ ከሆንክ የሚሆንህን ውሰድ፣ ሌላውን በራስህ ቤት ልክ ቁረጠው። "አንተ" እያልኩ የምጽፈውም በድሬ ደንብ ነው፤ እዚህ አገር አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። አንቺ ከሆንሽ ለራስሽ ቀይሪው።

1. መጀመሪያ ብላና ተኛ

ቀልድ አይደለም። ኤልያስን አስታውስ፣ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ። ያን ሁሉ ተአምር ያየ ነቢይ ኤልዛቤልን ፈርቶ ምድረ በዳ ገባ፣ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና "ነፍሴን ውሰዳት" አለ። እግዚአብሔር የላከለት መልአክ ምን አለው? አልገሠጸውም፣ ስብከትም አልሰበከለትም። "ተነሥተህ ብላ" ነው ያለው። በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውሃ ራስጌው ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ እንደገና አበላው። እስከ ኮሬብ ተራራ የሄደው የ40 ቀን ጉዞም፣ ከእግዚአብሔር ጋር የተነጋገረውም ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ "እምነቴ ጠፋ" ከማለትህ በፊት ያለፈውን ሳምንት ቁጠር። ስንት ሌሊት ተኛህ? ትናንት ምሳ በልተሃል ወይስ ሻይ በዳቦ አልፈኸዋል? ድሬ ለዚህ ነገር የተመቸች ከተማ ናት። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሁሉም ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል። ሥራ የሌለው ሰው ግን በዚያች ሰዓት እንኳ አይተኛም፣ ጥፋት የሠራ ይመስለዋል። ተኛ። ሌሊቱ በሙቀት የማያስተኛህ ከሆነ ደግሞ የቀኗ እንቅልፍ ቅንጦት አይደለችም።

ከታመምክ ስለ ጾሙ ንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔ በዚያ ፍልሰታ ሳልጠይቅ በባዶ ሆዴ መድኃኒት እየዋጥኩ ራሴን ስጎዳ ከርሜ፣ በኋላ ስነግራቸው ተቆጡኝ። "ማን አዘዘሽ?" ነበር ያሉኝ።

2. "ምን አጥፍቼ ነው?" የሚለውን ጥያቄ አሁኑኑ ፍታው

ይሄንን ሳትፈታ ብትሄድ ቀሪው ሁሉ አይሠራልህም። ችግር ሲመጣ ሐበሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው፤ ካልጠየቀም ጎረቤት ይጠይቅለታል።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ለማያውቅ ሰው፦ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። የዚያን ሌሊት ኃይለኛው ዝናብ የወረደው ከኛ በላይ ባለው ደጋ ላይ ነው። ውሃው ግን ታች ድረስ መጥቶ የተኙ ሰዎችን ወሰደ። በማግሥቱ "የከተማው ኃጢአት ነው" የሚል ሰው አልጠፋም። እኔ ያኔ ልጅ ብሆንም ያ ንግግር ከጎርፉ እኩል ያስፈራኝ እንደነበር አልረሳም፤ ከሞቱት ውስጥ ከኔ የሚያንሱ ሕፃናት ነበሩና።

ጌታ ይሄው ጥያቄ ቀርቦለት ያውቃል። ሉቃስ ምዕራፍ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች ራሱ አንስቶ፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠየቀና "አይደለም" አለ። ለሰሚዎቹ ንስሐ ግቡ ማለቱ እውነት ነው፤ ለሁላቸውም ነው ያለው፣ ለሞቱት ለብቻቸው የተለየ ክስ አላወጣባቸውም። ዮሐንስ 9 ላይም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው "ማን ኃጢአት ሠራ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ?" ሲሉት ሁለቱንም አይደለም አላቸው።

እንግዲህ በተግባር እንዲህ አድርግ። እውነት የምታውቀው ጥፋት ካለህ ሂድና ተናዘዝ፣ ቀኖናህን ተቀበል፣ አለቀ። አንድ ጊዜ የተናዘዝከውን ነገር ችግር በመጣ ቁጥር እያወጣህ አትገርፈው። የምታውቀው የተለየ ጥፋት ከሌለህ ደግሞ ፈልገህ አትፍጠር። ዝናቡ የዘነበው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

3. ለእግዚአብሔር አቤት በል፣ ሳታሳምር

ብዙዎቻችን ማማረር ኃጢአት ይመስለናል። "ተመስገን" ብለን ጥርሳችንን ነክሰን እንሄዳለን። ሰው "እንዴት ነህ?" ሲለን "እግዚአብሔር ይመስገን" ማለት ጥሩ ባህል ነው፣ አልቃወምም። ግን እግዚአብሔር ራሱ ፊትም ያንኑ የበር ላይ ሰላምታ ይዘን እንቀርባለን።

ዳዊትን ግለጠው። "እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" የሚል መዝሙር አለ፣ 12ኛው። 87ኛው መዝሙር ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው። ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፣ ይሄኛው አይዞርም፤ የሚያልቀው በጨለማ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ሳታወጣው በየሳምንቱ ታነበዋለች። ኢዮብም ልደቱን እስኪረግም ድረስ ተናገረ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ቅር የተሰኘው ግን በርሱ አይደለም፣ "ስለ እኔ ቅንን ነገር አልተናገራችሁም" ብሎ በወዳጆቹ ላይ ነው።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ይምታታበታል። በኛ ዳዊት "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" የሚለው 22ኛ ነው፣ በሌሎች መጽሐፍ ቅዱሶች 23ኛ። "በልዑል መጠጊያ የሚኖር" 90 እና 91፣ "አቤቱ ማረኝ" 50 እና 51። እዚህ የምጠራው ሁሉ በዳዊቱ ቁጥር ነው፤ ባንተ መጽሐፍ ካላገኘኸው አንድ ጨምር።

አደራረጉ፦ ብቻህን የምትሆንበት ቦታ ፈልግ። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከስድስት ሰው ጋር ለሚኖር ሰው ይሄ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ማለዳ ውሃ ወረፋ ስጠብቅ ጄሪካን ላይ ተቀምጬ ነበር የማደርገው። የሆነውን ንገረው። "የቤት ኪራይ ሁለት ወር አልከፈልኩም፣ እናቴ ጉልበቷ አብጧል፣ አንተ ዝም ብለሃል፣ ተናድጃለሁ።" ልክ እንደዚህ። እንባ ከመጣ ይምጣ። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሳው እንደሆነ እያወቀ አልቅሷል፣ ስለዚህ ተስፋ ያለው ሰው አያለቅስም የሚልህን አትስማ። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ እግዚአብሔርን ለሰው ማማትና ለራሱ ለእግዚአብሔር አቤት ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ያርቅሃል። ሁለተኛው፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህም ቢሆን፣ በሩ ላይ ያቆይሃል።

4. የራስህ ቃል ሲያልቅ ተበደር

ይሄ የጽሑፉ ዋና ነገር ነው፣ ሌላውን ሁሉ ብትዘለው ይሄን አትዝለለው።

እኔ "አቤቱ" ብዬ የምቀርበት ጊዜ ስድስት ወር ያህል ቆየ። ሰው "ከልብህ ጸልይ" ይልሃል። ልቤ ውስጥ ግን ምንም አልነበረም! ያዳነኝ እናቴ ያለችኝ ነገር ነው። የድሬ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ሁሉን ነገር በሱቅ ቋንቋ ነው የምታስበው። "ገንዘብ ሲያልቅብሽ ሱቅ መሄድ ትተያለሽ እንዴ? በዱቤ ትወስጃለሽ እንጂ። ከዳዊት ውሰጂ፣ ሲኖርሽ ትከፍያለሽ" አለችኝ። ባለ ሱቁ የሚያውቀው ደንበኛ እስከሆንክ ድረስ ደብተሩ ላይ ይጽፍልሃል።

ዱቤውን እንዴት ትወስዳለህ? 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፣ ስለዚህ ጠቅላላው 15 ንጉሥ ነው። ይሄን ሁሉ ዛሬ ጀምር አላልኩህም። እንደዚያ ጀምሬ በአራተኛው ቀን የተውኩት እኔ ነኝ። ከዕለቱ ክፍል አንዲት መዝሙር ብቻ አንብብ፣ ድምፅ አውጥተህ። ድምፅ ማውጣቱ ወሳኝ ነው፤ በዓይን ብቻ ስታነብ ሐሳብህ ወደ ቤት ኪራዩ ይሄዳል።

ማንበብ ካልቻልክ (ቺኩንጉንያ የያዘው ሰው መጽሐፍ መያዝም ያመዋል) ስልክህ ላይ የዳዊት ንባብ ጭነህ ስማ። ያም ካልሆነ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" በል። ይቺን የማያውቅ የለም። ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ ደጋግሞ ሲለው ያንተ ድምፅ ቢደክም የጎንህ ሰው ይሸከምልሃል። ለዚህ ነው በችግር ጊዜ ቅዳሴ መቅረት የሌለበት፤ ምንም ሳይሰማህ ሄደህ አጥሩ ጥግ ብትቀመጥ እንኳ ሌሎች ይሉልሃል። መቆም ካቃተህ ተቀመጥ። የሽማግሌዎች መቋሚያ ለምን የተሠራ ይመስልሃል?

ሰዓት ቁረጥለት፣ ግን ትንሽ። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 10 ደቂቃ፣ ማታ ከመተኛቴ በፊት 5 ደቂቃ። ቤተ ክርስቲያን 7 የጸሎት ጊዜያት አሏት፣ ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት። ሰባቱንም የሚያደርስ ሰው አደንቃለሁ፤ የደከመ ሰው ግን በሁለቱ ይጀምር። አንድ ቀን ካመለጠህ ያመለጠውን ለማካካስ አትሞክር፣ የዕለቱን ብቻ ያዝ። ሰው የሚወድቀው ዕዳ ሲቆልል ነው።

ስሜት መቼ ይመጣል? አላውቅም። እኔ ዘንድ ሲመለስ ማስታወቂያ አልነገረም። አንድ ሐሙስ ጠዋት 90ኛውን እያነበብኩ ቃሉ የዳዊት መሆኑን ረስቼ የራሴ አድርጌ ስጸልየው ራሴን ያዝኩት፣ በቃ።

5. ለሁለት ሰው ንገር

ለሁሉም አይደለም። ለሁለት። አንደኛው ንስሐ አባትህ፣ ወይም ባንተ ቤት መጋቢህ። ሁለተኛው ወሬ የማያወጣ ወዳጅ። ችግር ሲጠና ሰው መጀመሪያ የሚተወው ማኅበርና ጽዋ ነው፣ ምክንያቱም ተራው ሲደርስ መደገሻ የለውም፣ ያፍራል። እኔም በዚሁ ምክንያት ከጽዋችን አራት ወር ጠፋሁ። በኋላ ስነግራቸው ከማኅበርተኞቹ ግማሹ እንደኔው መሆኑ ታወቀ፤ አሁን ዝክሩ በቆሎና በጠላ ብቻ ነው፣ ማንም አልሞተም።

እቁብ ካለህ ለዳኛው ቀድመህ ንገር። መክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ ስልክ ከማጥፋት በፊት ከሄድክ ዕጣ ያሸጋሽጉልሃል፣ የሚቀያየርህም ይፈልጉልሃል። አበዳሪህም እንደዚሁ። ከሰው መደበቅ ከእግዚአብሔር መደበቅንም ያስለምዳል፣ ይሄን በራሴ አይቻለሁ። አበዳሪዬን ላለማግኘት መንገድ ስቀይር ቤተ ክርስቲያንም በዚያው መንገድ ላይ ስለነበረች እርሷም ቀረች።

የምትነግረውን ሰው ምረጥ ያልኩህ የኢዮብን ወዳጆች ስለማውቃቸው ነው። መጀመሪያ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እዚያ ላይ ቢያበቁ ኖሮ እንዴት ያሉ ወዳጆች ነበሩ! የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። አንተም ጋ "እኔ ስላንተ ሕልም አየሁ" የሚል፣ "የዘር መርገም ነው" የሚል፣ "ይሄን ያህል ላክና ይፈታልሃል" የሚል ይመጣል። ገንዘብ ከጠየቀህ ወዲያው ስልኩን ዝጋ። ያልጠየቀህን ደግሞ ቡና አጠጣውና ርእስ ቀይር።

እርዳታ ካላሰብከው በርም ይመጣል። በዚያው ነሐሴ ሁላችን ስንተኛ አረፋ ፍልሰታ ጾም ውስጥ ነበር የዋለው። ጎረቤታችን እስላም እናት ናቸው፣ ቤታቸው በግ ታርዷል። ለኛ ግን ለብቻ በዘይት የተሠራ የምስር ሾርባ በትልቅ ድስት ይዘው መጡ። "ጾም ላይ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ ድስቱም አዲስ ነው፣ ወላሂ ሥጋ አልነካውም" አሉ። እናቴ እስከዛሬ ያቺን ሾርባ ከኤልያስ እንጎቻ ጋር አንድ ላይ ነው የምትቆጥራት።

6. ደስታን ቀጠሮ ስጠው

"ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ፤ ደግሜ እላለሁ፥ ደስ ይበላችሁ" የሚለውን ጳውሎስ ሲጽፍ እስር ላይ ነበር። የጻፈላቸው የፊልጵስዩስ ሰዎች ደግሞ የሚያውቁት ታሪክ አላቸው፤ በነርሱ ከተማ ከሲላስ ጋር ተገርፎ፣ እግሩ በግንድ ተጠርቆ፣ በእኩለ ሌሊት ሲዘምር እስረኞቹ ሰምተውታል። ጀርባው እየደማ ነው የዘመረው። ስለዚህ ደስታ ስል ፌሽታ አይደለም፣ ለካሜራ ፈገግ ማለትም አይደለም። ዕንባቆም በለስ ባያፈራ፣ እርሻው መብል ባይሰጥ፣ በጎች ከበረቱ ቢጠፉ "እኔ ግን" ይላል። የጎደለውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው እዚያ የሚደርሰው፣ ዘሎ አይደለም። ጸሎቱ እሑድ በሚደርሰው ጸሎተ ነቢያት ውስጥ አለልህ።

ደስታን ሲመጣ እቀበለዋለሁ ብለህ ከጠበቅክ ግን አይመጣም። ቀን ያዝለት። እኛ ቤት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና አይቀርም። ስኳር ቢጠፋ በጨው፣ ቁርስ ቢጠፋ ባዶውን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱም ይጠጣሉ፣ በረካ ሳይደርስ ስለ ዕዳ ማውራት ክልክል ነው። ይሄን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የጣስኩትም መጀመሪያ እኔ ነኝ፤ እናቴ ስኒዬን ወሰደችብኝ። ፀሐይ ስትበርድ ደግሞ ልጆቹን ይዘን ከዚራ ሰፈር ካሉት ዛፎች ሥር እንሄዳለን። ካለ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ይገዛል፣ ከሌለ ጥላው በነፃ ነው።

መዝሙር ዘምር። ድምፅህ የአህያ ቢሆንም። ልብስ ስታጥብ፣ ባጃጅ ስትነዳ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ። የአዘቦቱ መዝሙር ለክፉ ቀን አፍህ ላይ ይቀመጥልሃል።

ማታ ማታ አንድ ነገር ጻፍ፣ የተቀበልከውን። "ስለ ሁሉም ተመስገን" አትበል፣ እሱ ከማሰብ መሸሻ ነው። ነገሩን በስሙ ጥራው። የኔ ደብተር ላይ ያለው እንዲህ ዓይነት ነው፦ "ዛሬ ውሃ መጣ፣ አምስት ጄሪካን ሞላሁ።" የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ድንጋይ ይሠራል፣ ሻይ ያበላሻል፣ ግን ሲመጣ ዘፈን ነው። "እናቴ ያለ ዱላ ሽንት ቤት ደርሳ መጣች።" "ባለ ሱቁ ዱቤውን ሳይጠይቀኝ አሳለፈኝ።" ስድስት ወር ቆይተህ ስታነበው ያኔ ምንም አልነበረም ያልክበት ወቅት ውስጥ ስንት ነገር እንደነበረ ታያለህ።

ደግሞ ስጥ። ያለህ ሁለት ዳቦ ከሆነ ግማሿን። ችግረኛ ሰው ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ ሲሆን ይጎብጣል። ገንዘብ ከሌለህ የታመመ ጎረቤት ልብስ እጠብ፣ የሰው ልጅ ከትምህርት ቤት አምጣ።

7. ስለ ስለት

እዚህ አካባቢ ሆኖ ስለ ቁልቢ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲደርስ የደንገጎን ዳገት በእግሩ የሚወጣውን ሰው አይተኸዋል፤ እኔም ወጥቻለሁ። ስለት እምነት ነው፣ ቃል መግባት ነው፣ የደረሰለት ሰው እልልታ ሲያሰማ ማየት ራሱ ያበረታል። ነገር ግን በጭንቀት ሌሊት፣ የማትችለውን ስለት አትሳል። "ሥራ ካገኘሁ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዜን በሙሉ" ያለች የማውቃት ሴት ሥራውን አግኝታ በጭንቀት ታመመች። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5 ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል ይሻላል ይላል። የምትችለውን ተሳል፣ ጧፍም ቢሆን። ካለፈብህ ደግሞ ከመደበቅ ካህን ጠይቅ፣ መላ አለው።

8. ከጸሎት ሌላ የሚያስፈልግ ጊዜ አለ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘህ፣ እንቅልፍ ወይም ምግብ ከተዘጋብህ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃተህ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄደህ ንገራቸው። ድብርት ሕመም ነው፣ ሕክምና አለው። "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ሁለት ሳምንት አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር፣ ብቻህን አትደር፣ አብሮህ ሐኪም ጋ ይሂድ። ጠበሉንም ተጠመቅ፣ ኪኒኑንም ዋጥ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ ኪኒን የሚያስጥልህ ሰው ከመጣ ይሄንን አሳየው።

ጫትም አለ፣ ድሬ ላይ ተቀምጬ ዝም ብዬ አላልፈውም። ሥራ የፈታ ሰው ጊዜ አለው፣ በርጫ ላይ ደግሞ ሁሉም ችግር ይፈታል፣ እቅዱ ሁሉ ይሳካል። ማታ ላይ ግን እንቅልፍ የለም፣ ጠዋት ላይ እቅዱም የለም። ቁጥር 1 ላይ ብላና ተኛ ያልኩህን ሁለቱንም የሚወስድብህ እርሱ ነው።

9. ጥርጣሬ ሲመጣ

እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ልጁ የታመመበት አባት ለጌታ "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" አለው፣ ማርቆስ 9፣ 24። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ልጁ ተፈወሰለት። መጀመሪያ እምነትህን አስተካክለህ ተመለስ አልተባለም።

እናቴ አሁን ደህና ናት፣ ጉልበቷ ብርድ ሲሆን ያማታል፣ ድሬ ላይ ብርድ ካለ። እኔ ሌላ ሥራ አገኘሁ፣ ደመወዙ ከበፊቱ ያነሰ ነው፣ ያቺ የሦስት ወር ደመወዝም አልተከፈለችም። የዱቤው ደብተር አሁንም አልተዘጋም፤ ዛሬም ቃል የሚያልቅብኝ ጠዋት አለ።

ለመጀመር ሰኞን አትጠብቅ። ዛሬ ማክሰኞ ከሆነ 31ን ግለጥ። ሐሙስ ከሆነ 90 አለችልህ። ዓርብ ከሆነ ግን ተጠንቀቅ፣ 118 የዓርብ ናት፣ 176 ቁጥር አላት። እሷን ለሌላ ጊዜ አቆያትና ወደ 116 ሂድ፤ ሁለት ቁጥር ብቻ ናት።